በሰው አፍ የተባለ ተመስገን

አይሱዙው የጫነው ቀይ ሽንኩርት ነበር። ለምሳ ከፍርድ ቤት ወጥቼ ሐረር ሸዋ በር ላይ በሚኒባሶቹና በሻጮቹ መሀል ስሹለከለክ፣ ሹፌሩ ወደ ኋላ መጣና ከግንቡ ጋር አጣበቀኝ። ያስቆመው የገበያው ሴቶች ጩኸት ነው አሉ። እኔ ትዝ የሚለኝ ሽንኩርቱ ነው፤ ጆንያው ተቀዶ ራሴ ላይ ሲወርድ። እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሲከተፍ ከከታፊዋ ቀድሜ አለቅሳለሁ።

የቀኝ ጭኔ ተሰበረ፤ ዳሌዬም ተሰነጠቀ። ብረት አስገቡልኝ። ከዚያ ቁስሉ መግል ቋጠረና እንደገና ተከፈትኩ። ከሆስፒታል የምወጣ ዕለት ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። አጥንቱ እየያዘ ነው፤ ነገር ግን በክራንች እየቆምኩ እግሬን ክብደት ካላስለመድኩት ጉልበቴ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ መራመድ የሚባል ነገር እንዳላስብ። «የቀረው በአንተ እጅ ነው» አለኝ። በእኔ እጅ የገባ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ሥራዬ የችሎት ጸሐፊነት ነው። ከጎጃም ተመድቤ ሐረር የገባሁት ፀጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሌላው ቁርአን ይዞ እውነቱን ብቻ ሊናገር ሲምል፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ፣ መሐላውንም ውሸቱንም እኩል ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከዚህ ሥራ አንድ ጠባይ ተርፎኛል፤ ያላመንኩበት ቃል ከአፌ አይወጣልኝም። ጓደኞቼ ግትርነት ይሉታል። ሳይሆንም አይቀር።

እናም ከሆስፒታል ስወጣ በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። በእግሬ እስክቆም ድረስ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልልም። እምነቴን አልተውኩም፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ ጠዋትና ማታ እለምነዋለሁ። መለመኑን ሳይሆን ማመስገኑን ነው ያቆምኩት። ሲያቆመኝ አመሰግነዋለሁ፤ እስከዚያ ግን ለእሱም ቢሆን የሐሰት ቃል አልሰጥም ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜው ነበር። ስንት ሰው በሚተራመስበት ሸዋ በር እኔን መርጦ በሽንኩርት መኪና ማስጨፍለቅ ምን ይሉታል?

የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የሐረሪ እናት ግቢ ተከራይቼ ነው። እማማ ነው የምላቸው። የእኔ ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ናት፤ ደረጃው ጤነኛውንም ሰው በጎን የሚያስወጣ ነው። እህቴ ጎጃም ናት፤ መንገዱም እንደምናውቀው ነው። ሆስፒታል ተኝቼ የት እንደምወድቅ ሳሰላ፣ እማማ ማንንም ሳያማክሩ አልጋዬን አስወርደው ኪርታት ውስጥ ዘርግተውት ጠበቁኝ። ኪርታት ከሳሎኑ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ድሮ አዲስ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ የሚቀመጡባት። ያመጣኝ ባጃጅ ጠባቡ መተላለፊያ ጋ ሲደርስ ከዚህ በላይ አልገባም አለ፤ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ጥግ ጥጉ ክርናቸውን እየላጠው አስገቡኝ። «እንግዲህ ሙሽራው ገባ» አሉ እማማ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

አጥንቱ እንዲጠና ሥጋ ብላ ተብያለሁ። ይኼ ደግሞ በእኛ አገር ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የሙስሊም ሥጋ እኔ አልበላም፤ የክርስቲያን ሥጋ እማማ ድስት ውስጥ አይገባም። እማማ ጊደር መጋላ ገበያ ወርደው አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ጭልፋ ገዝተው መጡ። በድስቷ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰሩባትና ከራሳቸው ዕቃ አርቀው ለብቻዋ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከክርስቲያን ሉካንዳ አጥንት ሲያመጣልኝ እሱ ራሱ ይጥደዋል፤ እማማ ከሰሉን ብቻ ያራግባሉ። ሥጋ በሌለ ቀን እንቁላልና ወተት ያቀርቡልኛል። «እንቁላልና ወተት ሃይማኖት የላቸውም» ይሉኛል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ግን ወተቱን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ዛሬ ጾማችሁ አይደል? ልመልሰው?» ንስሐ አባቴ ለሕመሜ ፈቅደውልኛል ብላቸው አላመኑኝም። ቄሱ መጥተው በአንደበታቸው እስኪነግሯቸው ድረስ ዓርብ ዓርብ ሽሮ በላሁ።

መተኛት እንደሚያደክም የማያውቅ ሰው አለ። እኔም አላውቅም ነበር። ምንም ሳልሠራ እውልና ሲመሽ ድንጋይ ስፈልጥ የዋልኩ ያህል እዝላለሁ። ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ይመጣና፣ ሰው ለሰው ሲሠራው የማይነገረውን ሥራ ይሠራልኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። የመድኃኔ ዓለም ደወል ይሰማኛል፤ አዛኑም ይሰማኛል፤ ሁለቱም ሌላ ሰው የሚጠሩ ይመስለኝ ነበር። ክራንቾቹ አልጋዬ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ከእኔ ይልቅ እነሱ ቆመው ይውላሉ። አንዴ ሞክሬ ነበር። ግማሽ እንኳ ሳልነሳ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ ነገር ተተረተረብኝ፤ ዓይኔ ጨለመ፤ አልጋው ላይ ተመልሼ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣም ያው ነገ ነው። ጉልበቴ በየቀኑ እየከረረ መሄዱን አውቃለሁ፤ ግን ፈራሁ። ሐኪሙ ያለው ጊዜ እያለቀብኝ መሆኑን እያወቅሁ ተኛሁ።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ጠያቂ ነው። እማማ የአፎቻ አባል ናቸው፤ አፎቻ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበራቸው ነው። ሴቶቹ ሽቶ የጠጣ ልብሳቸውን ለብሰው ተራ እየገቡ ይመጣሉ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «አማን ነህ? እንዴት አደርክ? ተሻለህ?» መልሱም አንድ ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባልና ከዚያ በኋላ ወሬው ይቀጥላል። እኔ ግን «እንዳለሁ አለሁ» ብዬ አፌን እዘጋለሁ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሴቶቹ ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ፤ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሳህኖችና ሙዳዮች ዛሬ ገና እንዳዩ ሁሉ ያያሉ። ወሬ የሚጀምር ሰው ይጠፋል። ሰላምታው መሀል መንገድ ላይ እንደተበላሸ መኪና ተገትሮ ይቀራል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ማለፊያ ያጣል።

አንድ ቀን እንዲሁ ጸጥታው ሲረዝም፣ ሳሎን መደቡ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። ሴቶቹ ተነፈሱ። ወሬው ተጀመረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠራኋቸው።

«እማማ፣ እኔ እኮ አላልኩም።»

«አንተማ አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«በእኔ ስም?»

«ታዲያ በማን ስም ልበል? የታመምከው አንተ።»

ተናደድኩ። ችሎት ላይ ሰው የሚምለው ለራሱ ነው አልኳቸው፤ በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ስላለው ነገር ማንም ቃል አይሰጥም፤ ቢሰጥም ዳኛው አይቀበለውም። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለእናት በማይገባ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። እማማ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከባጃጁ እዚህ ድረስ በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«በቃሬዛ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተቆጣህም? እግርህ እምቢ ሲልህ በሰው ትከሻ ገባህ፤ ዝም አልክ። አሁን አፍህ እምቢ ሲልህ ምን አዲስ ነገር መጣ? ወሏሂ ይኼም ሸክም ነው። እኔ እይዝልሃለሁ። አፊያ ስትሆን፣ ሲሻልህ፣ ትቀበለኛለህ።»

«እሺ፣ ከያዙልኝስ በራስዎ ቃል አልሀምዱሊላህ አይሉም?»

«አልሀምዱሊላህማ የራሴ ነው፤ በየሶላቴ እላለሁ። ያንተን ባንተ ቃል ነው የምለው፤ እንዳይቀላቀልብኝ ነዋ ልጄ» አሉና ሚስማሩ ላይ ወደ ተሰቀለችው ድስት በአገጫቸው አመለከቱኝ።

በድስት መረታቴ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ብለው ያዙት። ጠያቂ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ሲል፣ ጓዳም ይሁኑ ደጅ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ንስሐ አባቴ ጸበል ይዘው የመጡ ዕለትም አልቀረልኝም። ቄሱ ጸበሉን ረጭተውኝ «እንዴት ነህ ልጄ?» ከማለታቸው መልሱ ከሳሎን መጣ። ወደ በሩ ዞረው አዩ።

«ማን ነው እሱ?»

«ወኪሌ ናቸው አባ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሲወጡ እማማን መርቀዋቸው ሄዱ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ወኪል የሚቆምለት ሰው ጉዳዩን የተወ ሰው ይሆን እንዴ እያልኩ ዋልኩ። በቀልድ የጀመርኩት ሐሳብ ሲመሽ አስፈራኝ።

ከጠያቂዎቼ ሁሉ የማይሰለቹኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ የእማማ ታላቅ ወንድም። ከከተማው ውጭ ሶፊ ላይ የቤተሰቡን የጫት ማሳ ይዘው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ በእህታቸው በኩል ያልፋሉ፤ ስኳር ድንች ወይም ጊሽጣ በዘንቢል ያመጣሉ። ኪርታት ገብተው ወለሉ ላይ ቁጭ ይሉና በሩን እያዩ «አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላቸዋለሁ። «በቃ» ይላሉ። ከዚህ ሌላ አይጠይቁኝም። ጫታቸውን እየቀነጠሱ ያሻቸውን ያህል ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴ ስለ ዝናብ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋሉ። ሊሄዱ ሲሉ መዳፋቸውን ዘርግተው «ረቢ ያንሳህ» ይሉኝና ፊታቸውን ይዳብሳሉ። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን ማለት ቆርጬ የተውኩት ነገር ውስጥ አልነበረም።

እሳቸው ያሉበት ሰዓት ብቻ ድካሜ ቀለል ይለኝ ነበር። ከእኔ ምንም አይፈልጉማ።

አንድ ማለዳ ሶፊ ማሳቸው ዳር አረፍ ብለው ተቀመጡ፤ በዚያው አልተነሱም። በዕለቱ ተቀበሩ። ሐዘኑን ግን ለከተማው ሰው እንዲመች ብለው እማማ ቤት አደረጉት። ወንዶቹ ደጅ ዳስ ስር ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ሳሎኑን ሞሉት። እኔ ከኪርታት መጋረጃ ወዲህ ነኝ። ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማኛል።

ገቢው ሁሉ «አላህ ይዘንላቸው፤ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነሽ?» ይላል። ለዚህም መልሱ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ ምንም ቢከፋው «አልሀምዱሊላህ» ይላል፤ በደግም በክፉም ምስጋናው የአላህ ነው። እማማ ግን አልመለሱም። የመጀመሪያውን ቀን ልቅሶው ነው ተባለ። በማግስቱ ድንጋጤው ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ግን የሚበላውንም የሚጠጣውንም በእጃቸው እየገፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ስለቀሩ፣ ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ከአፎቻው በዕድሜ የሚበልጧቸው አንዲት እናት ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ሲለምኗቸው ሰማሁ።

«በይ እንጂ እህቴ። አልሀምዱሊላህ በይ። አንዴ ብቻ በይው። አላህን እንዳትቀየሚ።»

ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ፈርተውላቸው ነው። እኔ ግን ከመጋረጃው ወዲህ «ተዉአቸው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እማማ ተቀይመዋል። አውቃለሁ። ጓዳም ሆነው ደጅም ሆነው የእኔን ሸክም የተሸከሙት ሴት የራሳቸው መጣባቸው፤ የሚይዝላቸው ሰው የለም።

ክራንቾቹን ሳብኩ። ማን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ ድፍረት አልነበረኝም፤ ደክሞኝ ነበር፤ ከመተኛት ግን የባሰ ነገር መጣብኝ። ብብቴ ስር አስገባኋቸውና ተነሳሁ። ያ ሕመም መጣ፤ ከዳሌዬ ጀምሮ ወረደ። ጥርሴን ነክሼ እስኪያልፍ ጠበቅሁት፤ አላለፈም፤ ከነሕመሜ ቀኝ እግሬን መሬት አስነካሁ። እግሬ መሬቱን እንግዳ ሆኖበት ነበር። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁለት ሦስት ጊዜ ግድግዳውን እየተደገፍኩ መጋረጃውን በትከሻዬ ገፋሁና ሳሎኑ አፍ ላይ ቆምኩ።

ሴቶቹ ሻሻቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። እማማ ዝቅተኛው መደብ ላይ ናቸው። ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል፤ አንሷል። ወንድማቸው ጁምዓ ጁምዓ ዘንቢላቸውን የሚያስቀምጡበት ጥግ ላይ የሰው ጫማ ተከምሯል።

አሮጊቷ እኔን አላዩኝም። «እንዴት ነሽ?» አሉ እንደገና፤ እንባ አንቋቸው።

«አልሀምዱሊላህ» አልኩ።

ቃሉን አፌ አልለመደውም፤ ወፍራም ሆኖ ወጣ። ማተቤ ከሸሚዜ ውጭ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ምን ሆነሃል?» አሉ አሮጊቷ።

«የእሳቸውን ነው ያልኩት፤ የእኔን አይደለም» አልኩ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነበር። «አፊያ እስኪሆኑ እኔ እይዝላቸዋለሁ።»

እማማ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ዓይናቸው አብጧል። ፊቴን አላዩም፤ እግሬን ነው ያዩት፤ መሬቱን የረገጠውን ባዶ እግሬን፣ ከዚያ ክራንቾቹን፣ ከዚያ እንደገና እግሬን።

አሮጊቷ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። ሰው ምን እንደሚል ሲጠፋው የሚጠይቀውን ነገር ጠየቁኝ።

«አንተስ? አንተስ እንዴት ነህ?»

አፌን ከፈትኩ። ቆሜአለሁ። በእግሬ እስክቆም ብዬ ነበር፤ ይኸው ቆሜአለሁ፤ የሚከለክለኝ ነገር የለም። ቃሉ ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ግን እማማ እንደዚያ ሆነው እያየኋቸው፣ «አለህ?» የሚለኝ ሰው ከዚህ በኋላ እንደማይመጣ እያወቅሁ፣ ከአፌ አልወጣልኝም። ሴቶቹ ሳህኖቹን ማየት ጀመሩ።

ከዝቅተኛው መደብ በኩል የሻከረ ድምፅ መጣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እማማ።

ወንድማቸው ከተቀበሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። የራሳቸውን ሊሉት አልቻሉም፤ የእኔን አሉልኝ። እግሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሴቶቹ ተጠጋጉና ከእማማ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ።